ለቅርፊቱ ብዬ

አማቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ብርጭቆ ሲሰበር ማን እንደሰበረው አንጠያየቅም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ እናቷን ትወዳለች፤ የምትወደውን ሰው የምትንከባከበው ደግሞ ሥራ በማስፈታት ነው። መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ቀጥላ ቢላዋውን፣ ቀጥላ ምድጃውን ከለከለቻቸው። «እማዬ፣ እጅሽን ሰብስበሽ አረፍ በይ፤ እስከ ዛሬ የሠራሽው ይበቃሻል» ትላቸዋለች። እሳቸውም ሰበሰቡ። ከጠዋት እስከ ማታ ሳሎን ውስጥ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የሰው ዕቃ አደራ የተቀበሉ ይመስል ቁጭ ይሉ ነበር።

እኒህ ሴት በዘመናቸው እጃቸው የተመሰከረለት ነበር። ዶሮ ለማስታቀፍ የፈለገ ጎረቤት ሁሉ እንቁላሉን እሳቸው እንዲመርጡለት ይለምናቸው ነበር አሉ። «እኔ የመረጥኩት እንቁላል ገምቶ አያውቅም» ይሉኛል፣ ጉራ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ያህል። ይህን ሲሉ ደግሞ ዓይናቸው እጃቸው ላይ ነው። አንጀቴን ይበሉታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው እዚያው ቤታችን፣ ከሳሎን ቀጥላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ዶሮ የሚያረባ አንድ ጺማም ደንበኛ አለኝ። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ የአማቴን ነገር ሳጫውተው፣ በማግሥቱ አሮጌ የጫጩት መፈልፈያ ማሽኑን ከአንድ ደርዘን እንቁላል ጋር ተሸክሞ ከተፍ አለ። ማሽን የምንለው ለማክበር ነው እንጂ ክዳኑ ላይ መስኮት ያለው ነጭ ሣጥን ነው፤ ውስጡ የሚግል ሽቦ፣ ትንሽ ማራገቢያና ቴርሞሜትር አለ።

«ሙቀቱ እንዳይወርድ፣ ውኃው እንዳይደርቅ። በቀን ሦስቴ አገላብጧቸው። መጨረሻ ላይ ግን ሦስት ቀን ሲቀረው አትንኳቸው፣ ክዳኑንም አትክፈቱ። በሃያ አንደኛው ቀን ራሳቸው ይጠሯችኋል» ብሎን ሄደ።

ወሬውን የሰማ ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለን ጀመር። ደንበኛው፣ የፎቁ ጥበቃ፣ ውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሳይቀር። ሁሉም ራሱ የፈጠረው ይመስል እየሳቀ ነው የሚናገረው።

አማቴ ግን ሰው ሆኑ። የእኔን እርሳስ ወስደው በእያንዳንዱ እንቁላል በአንድ ወገን ክብ፣ በሌላው ወገን መስመር ጻፉ፣ የተገላበጠው ካልተገላበጠው እንዲለይ። ክቡ ድንች ይመስላል፤ መስመሩም ሰክሯል። ነገር ግን አንድ ነገር ዓይቼ ገረመኝ፦ እንቁላል ሲይዙ እጃቸው ቀጥ ይላል። ጽዋ የማይዘው እጅ እንቁላል ይዞ አይንቀጠቀጥም። ለባለቤቴ ብነግራት «ላንተ መስሎህ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ነርስ ስለሆነች የእጅ ነገር ከእኔ የበለጠ ታውቃለች።

እንዲህ ሆነን ሁለተኛው ሳምንት ተጋመሰ። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ እናቷን ይዛ ዓይን ሐኪም ቤት ሄደች። እኔ የአንድ ሆቴል አስተናጋጆችን ሰደርያ ለማስረከብ ተጣድፌያለሁ። የእንቁላሉ ማሽን የተቀመጠው እኔ ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ ማከፋፈያ ብሰካበት ካውያውንና ማሽኑን አንድ ላይ አይችልም፣ ይጨሳል። ስለዚህ ለአንድ አፍታ ብዬ ማሽኑን ነቀልኩና ካውያውን ሰካሁ። ሰደርያዎቹን ተኩሼ ሳልጨርስ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ስልክ ላይ ጮኸብኝ። ካውያውን ነቀልኩ፣ ልብሱን ታቀፍኩ፣ ወጣሁ። እንቁላሎቹ ሐሳቤ ውስጥ አልነበሩም። ሆቴሉ ደግሞ ያንዱን ሰደርያ ቁልፍ ቀይር፣ የሌላውን ወገብ አጥብብ እያለ አዋለኝ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ የክፍሌን በር ስከፍት ማራገቢያው አይሰማም። ገመዱ ወለል ላይ ተዘርግቷል። አንዱን እንቁላል በጉንጬ ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ቶሎ ሰካሁት፣ ማራገቢያው መዞር ጀመረ፣ ቴርሞሜትሩም ቀስ እያለ ወደ ቦታው ወጣ። አማቴ ሲገቡ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው። «ልጆቼ እንዴት ዋሉልኝ?» አሉ ገና ከበሩ። «ደህና ናቸው» አልኩ።

ያቺ ቃል ነች የገደለችኝ። አስቀድሜ ነገሩን ብናገር አንድ ቀን ተቆጥተው ይረሱት ነበር። እኔ ግን ሞተዋል ብዬ በልቤ ቆርጫለሁ፤ ከሞቱ ደግሞ ዛሬ ብናገር ነገ ብናገር ምን ለውጥ አለው አልኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ ጠበቃ አያጣም።

በሳምንቱ አማቴ የእጅ ባትሪ ይዘው መጡ። ጺማሙ ሰውዬ እንቁላሉን በብርሃን ማየት እንደሚቻል ነግሯቸው ኖሯል፤ በውስጡ ሕይወት ካለ የደም ሥር ይታያል። የእሳቸው ዓይን ደክሟል። «ባለመቀሱ፣ እስቲ አንተ እይልኝ» አሉ፤ ሲያቆላምጡኝ እንዲያ ነው የሚጠሩኝ። ክፍሉን አጨለምን። እንቁላሉን ባትሪው ላይ አስቀመጥኩ፤ ፊቴንም አስጠጋሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያየሁት ግድግዳውን ነው። የሞተ ነገር ማየት ፈራሁ። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ግድግዳ እያየሁ «አለ… ይሄም አለ… ይሄም ደህና ነው» አልኳቸው። እሳቸው በጨለማው ውስጥ በየቃሌ «ተመስገን» ይላሉ።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። አማቴ ባዶ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው፣ አምፖል አንጠልጥለው፣ ወንበራቸውን ማሽኑ አጠገብ ስበው ተቀመጡ። ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ያስጠጋሉ። እኔ ልብስ እየሰፋሁ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ። ቀኑ ዋለ፤ ምንም የለም።

እራት ላይ አማቴ ምግቡን አልነኩትም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ገልበጥ እያደረጉ አዩት።

«እጄ ሞቷል» አሉ።

«ተይ እማዬ» አለች ባለቤቴ፤ ክፋት የላትም፣ ማጽናናቷ ነው። «አንቺ ምን ታደርጊ? እጅሽ ከብዷል፤ ስታገላብጫቸው ተናግተው ይሆናል። ዕድሜ ነው። ለዚህ እኮ ነው አረፍ በይ የምልሽ።»

አማቴ እጃቸውን አነሱና መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ ጎርሻለሁ። በውኃ አወራርጄ ሌላ ጎረስኩ።

በማግሥቱም ምንም የለም። ባለቤቴ ማታ ሥራ ገቢ ስለነበረች ቀን ወጣ ብላለች፤ አማቴ ወደ ማሽኑ ክፍል እንኳ አልመጡም። ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ይህን ሳይ መላ መጣልኝ፤ መላ ሲመጣልኝ መፍራት እንደነበረብኝ አሁን ነው የማውቀው። ገበያ ሮጬ ከጫጩት ሻጭ ሴትዮ አምስት የአንድ ቀን ጫጩቶች በካርቶን ይዤ ተመለስኩ። እንቁላሎቹን አውጥቼ እነዚህን እከትና «እማዬ፣ ወጡ!» እላለሁ። አለቀ። እጃቸውም ይድናል፣ እኔም እተነፍሳለሁ።

ካርቶኑን ከቁርጥራጭ ጨርቁ ሥር ሸጉጬ የማሽኑን ክዳን ከከፈትኩ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፦ ቅርፊት። ጫጩት ከሰማይ አይወርድም፤ አማቴ ቅርፊቱን ይጠይቃሉ። የማድ ቤት እንቁላል ልስበር ብል ክቡና መስመሩ የለበትም። ስለዚህ የሞቱትን ሰብሬ ውስጡን ልጥልና ቅርፊቱን ልተው። ብልህ ነኝ አልኩ።

የመጀመሪያውን አንስቼ ሰፋ ባለው ጫፍ በመቀሴ እጀታ መታ አደረግሁት። ተሰነጠቀ። ሽታ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አይሸትም። ቅርፊቱን ልጬ ከሥሩ ያለችውን ነጭ ስስ ቆዳ በጥፍሬ ቀደድኳት። ደም መጣ።

ቀይ ትኩስ ደም ነው። እየፈሰሰ መዳፌ ውስጥ ገባ። በቀዳዳው ውስጥ እርጥብ ላባ፣ የታጠፈ ክንፍ፣ የተጨፈነ ዓይን አየሁ። ደረቱ ይርገበገባል። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለውም። አስኳሉ ገና ሙሉ በሙሉ ሆዱ ውስጥ አልገባም ነበር። አልደረሰም። አልሞቱም ነበር፤ ያን ቀን የበረዳቸውን ያህል ዘግይተው ነው እንጂ። ቅርፊቱን መልሼ ልገጥምበት ሞከርኩ፤ ጨርቅ አርጥቤ ጠቀለልኩት፤ እስትንፋሴን አሞቅሁለት። ስፌት የተሳሳተ ልብስ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። የዚህ ግን ትንፋሹ እጄ ላይ ቀስ እያለ ቆመ።

ሌላውን እንቁላል ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ከውስጥ ይንኳኳል። ሦስተኛውን አነሳሁ፤ ጭውጭውታ ይሰማል፤ ሩቅ፣ ቀጭን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ያ የሞተው በሕይወት የቆየው እኔ በገዛ እጄ እስክገድለው ብቻ መሰለኝ።

ይህን ጊዜ የገበያዎቹ ጫጩቶች ከጨርቁ ሥር መንጫጫት ጀመሩ። በሳሎኑ በኩል የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ እየተጣደፉ።

«ወጡ! ባለመቀሱ፣ ወጡ አይደል? ሰማኋቸው እኮ!»

በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው በርቷል። «ወጡ» ልላቸው እችል ነበር። እጄን አዩ፤ ደሙን፣ መቀሱን፣ የተከፈተውን ክዳን። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ እያየሁ ምላሴ ተፈታ፤ ካውያውን፣ ሆቴሉን፣ ገመዱን፣ ካርቶኑን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«መሞታቸውን ማን ነገረህ?» አሉ።

«ማንም።»

«በባትሪ ስታይስ?»

«ግድግዳውን ነበር የማየው።»

ከዚያ መጥተው የሞተችውን ከእጄ ወሰዱ፤ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

«ሰው ልብስ ሲተኩስ ይረሳል፤ እሱን እኔም አደርገዋለሁ» አሉ። «ትናንት እጄ ሞቷል ስል ግን እዚያው ነበርክ።»

«ነበርኩ፣ እማዬ።»

«እየበላህ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ክዳኑን ዝጋው» አሉ፤ «ይበርዳቸዋል።»

በነጋታው ጠዋት እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ተሰነጠቁ። ሁለቱ ቀሩ፤ ዘጠኙ ወጡ። አማቴ የደረቁትን እያነሱ ወደ አምፖሉ ካርቶን፣ ከገበያዎቹ አምስት ጫጩቶች አጠገብ፣ ሲያዛውሩ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ከእኔ ጋር ግን ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ባለቤቴ ከአዳር ሥራዋ ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ካርቶኑ ላይ ተደፋች። «እማዬ! አንቺ እኮ…» እያለች እጃቸውን ደጋግማ ሳመች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጨርቅ ገለጥ አደረገች።

«ይቺስ ምን ሆና ነው?»

አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ቸኩዬ ቅርፊቱን ሰበርኩባት።»

«አይ እማዬ!» አለች ባለቤቴ። «ይህ እጅሽ…»

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «እኔ ነኝ የገደልኳት።» ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ሶኬቱ፣ ግድግዳ እያየሁ «አለ» ስላልኩት፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ቅርፊቱ።

ባለቤቴ እስክጨርስ ሰማችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሳቀች።

«አየሽልኝ እማዬ? አንቺን ለማዳን በራሱ ላይ ሲዋሽ! ካውያው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ባትሪው… እንዴት አሳምሮ እንደፈጠረው! እንዳታዝኝ ብሎም ጫጩት ገዝቶልሻል!» ግንባሬን ሳመችኝ።

«እውነቴን ነው» አልኩ።

«እሺ፣ እውነትህን ነው» አለችና እናቷን ጠቀሰቻቸው።

አማቴን አየሁ። አንዲት ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። አንድ ገና ያልደረቀ ጫጩት በሁለት መዳፋቸው መካከል ይዘው ያሞቁታል።

«ደግ ነው» አሉ ዓይናቸውን ከጫጩቱ ሳያነሱ። «እንዲህ ያለ አማች የትም አይገኝም።»

ባለቤቴ በኩራት ተመለከተችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላት።