ባሏ የጠፋባት የወይን ሐረግ

ቫርላም ከጎረቤቱ ከሴቬሪያን ጋር ከተኳረፈ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በጉሪያ አውራጃ ኮረብቶች ሰው ከሰው ሲጣላ ወሬው ከሦስት መንደር አያልፍም፤ የእነዚህ የሁለቱ ግን ባቱሚ ከተማ ድረስ ተሰምቷል። ቫርላም ጎረቤቱን የወነጀለው በሠርግ ላይ፣ ጽዋ ይዞ ቆሞ፣ ሁለት መቶ ሰው እየሰማው ነበርና። "ይህ ሰው የወይኔ ሥር ላይ ጨው ደፍቷል!" አለ። ሴቬሪያን የያዘውን ወይን ጠጅ መሬት ላይ አፈሰሰና ወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥር ለአጥር እየኖሩ ጤና ይስጥልኝ አልተባባሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቫርላም ግቢ ጥግ ቤተ ክርስቲያኑን የሚስተካከል ረጅም ዛፍ አለ። በዛፉ ላይ ቅድመ አያቱ የተከሏት ነጭ የወይን ሐረግ ወጥታበታለች፤ ግንዷ የጎልማሳ ጭን ያክላል። በዚያ አገር ጥንት ወይን እንጨት አይደገፍለትም ነበር፤ ዛፍ ላይ ይለቀቅና ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ሲደርስም ሰው ተከትሎት ይወጣል። ቫርላም በጉልበቱ ዘመን ሾጣጣ ቅርጫቱን በገመድ አንጠልጥሎ ጫፍ ድረስ እየወጣ፣ እየዘፈነ ሲለቅም ኖሯል። ይሁንና ሐረጊቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሰኔው ታብባለች፣ አበባዋ ይረግፋል፣ ኅዳር ሲደርስ ግን ለወፍ እንኳ የሚበቃ ፍሬ የላትም። ፍሬ የነሳችው ደግሞ ሴቬሪያን ለሴት ልጁ ቤት ማገር ብሎ የራሱን ዛፍ፣ በላዩ ከነበረችው ጥቁር ሐረግ ጋር፣ በገነደሰ ማግስት ነው። ታዲያ ቫርላም ሌላ ምን ያስብ?

"አንተ ሰውዬ፣" ትለዋለች ሚስቱ ዴስፒኔ፣ "ሐረጊቱ አርጅታለች። ቁረጣትና ማገዶ እናድርጋት።"

"አንቺስ አላረጀሽም? ማን ቆረጠሽ?"

"ሞክራ! መጥረቢያው ከጓዳ አለልህ።"

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ አንዲት ጭቃ የለበሰች መኪና ከደጃቸው ቆመች። ሁለት ሴቶች ወረዱ። አንደኛዋ ማክቫላ ትባላለች፤ ከዋና ከተማው ከትብሊሲ አጠገብ ካለው የወይን ችግኝ ጣቢያ ነው የመጣችው። ሌላዋ ግራሳ የምትባል፣ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ፖርቱጋላዊት ናት።

"አጎቴ ቫርላም፣" አለች ማክቫላ፣ "አሮጌ ሐረግ አለህ ሲሉ ሰምተን ነው። እኛ ከብዙ አገር የተሰባሰብን ነን። የሚጠፉ የወይን ዘሮችን እንፈልጋለን፣ እንመዘግባለን፣ ከዚያ አንዱ አገር የሌላውን በአደራ ያስቀምጣል። የኛ ቢቃጠል የነሱ ይተርፋል፣ የነሱን በረዶ ቢመታው የኛ ይተርፋል።"

"ያቺ አሮጊት እኮ መካን ናት፤" አለ ቫርላም። "በአደራ ብታስቀምጧትስ ምን ታደርግላችኋለች?"

"ብቻ አበባዋን እንይ።"

አበባዋ ያለው ላይ ነው። ቫርላም ወደ ገመዱ ሲሄድ ዴስፒኔ እጁን ያዘች። "በዚህ ጉልበትህ? ሐኪሙ ምን አለህ?" ቫርላም በእንግዳ ፊት እንዲህ መባሉ አንገበገበው። እሱ በዚህ መንደር ማንም ያልደረሰበት ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ የዘፈነ ሰው ነው! "እንግዲያው መሰላል ከየት ይምጣ?" እያለ ሲያጉረመርም ግራሳ ጫማዋን አውልቃ፣ ካልሲዋን ጫማዋ ውስጥ ከትታ፣ ግንዱን አቅፋ ነበር። አፋቸውን ከፍተው እያዩዋት እንደ ድመት ወጣች።

"እመቤቴ ማርያም!" አለች ዴስፒኔ አማትባ። "ይቺ ሴት ትወድቅና ከመንግሥት ጋር ታጣላናለች!"

"አይዟችሁ፤" ማክቫላ ሳቀች። "እሷ አገር በሰሜኑ በኩል ወይን ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ያደገችው አያቷ ትከሻ ላይ ቆማ እየለቀመች ነው።"

ቫርላም አንጋጦ ቀረ። በዓለም ላይ ከጉሪያ ሌላ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወይን የሚለቅም ሕዝብ አለ ቢሉት አያምንም ነበር። ቅናትም ደስታም ተቀላቀለበት። "በግራ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ አትርገጪ፣ በስብሷል!" ብሎ በራሱ ቋንቋ ጮኸ፤ እሷም ገባት መሰለኝ ወደ ቀኝ ዞረች።

የአበባ ዘለላ በኪሷ ይዛ ወረደችና በማጉያ መስታወት አየችው። ለማክቫላም ሰጠቻት። ሁለቱ ተያይተው ፈገግ አሉ።

"አጎቴ ቫርላም፣ ሐረግህ መካን አይደለችም። ሴት ናት።"

"ወንድ ናት ያለ ማን አለ?"

"አይደለም፣ ስማኝ። አብዛኛው ወይን አበባው ሴትም ወንድም ነው፣ በራሱ ያፈራል። ያንተዋ ግን ሴቴ ብቻ ናት፤ ወንዴ ዱቄቷ ባዶ ነው። ሌላ ሐረግ አጠገቧ ካላበበ፣ ነፋስም ዱቄቱን ካላመጣላት አትይዝም።"

"በየአጥሩ የሞላው ኢዛቤላ የሚሉት ሐረግስ ወይን አይደለም?"

"እሱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ አብቦ ይጨርሳል። ያንተዋ ስትከፍት እሱ ፍሬ ይዟል። እንደሷ ዘግይቶ የሚያብብ ነው የሚያስፈልጋት። ድሮ እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ሐረግ ነበር?"

የቫርላም ዓይን ሳያዘው አጥሩን ተሻግሮ የሴቬሪያን ግቢ ውስጥ ካለው ጉቶ ላይ አረፈ። ዴስፒኔ ግን ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ መጀመሪያ አፏን በሽርጧ ሸፈነች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፣ ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"አሥራ ሁለት ዓመት! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስም ያጠፋኸው ሐረጊቱ ባሏ ሞቶባት ነው?"

"ቢሆንስ?" አለ ቫርላም፤ ጆሮው ቀልቷል። "ባሏን የገደለው ማን ሆነና!"

ማክቫላ ወደ ሴቬሪያን አጥር ሄደች። ቫርላም ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ቆሞ ያዳምጣል። ሴቬሪያን በሩን አልከፈተላትም፤ "በዚያኛው በር የገባ በዚህኛው አይገባም፤" አላት። ስለ ጥቁሯ ሐረግ ስትጠይቀው ግን ድምፁ ወረደ። "የአባቴ የፖርፊሌ ናት። ስሟን እሱ ነበር የሚያውቀው። እኔ ማገር እንጂ ሌላ አልታየኝም፤ ስትወድቅ ግን… ተዪው፣ ልጄ። ከጉቶ ምን ይጠየቃል?" ቫርላም ይህን ሲሰማ፣ ጠላቱ ለራሱ ሐረግ እንደ ሰው ሲያለቅስላት፣ ዶሮ ቤቱን ተደግፎ ቀረ። ይቅርታ ሊለው ግን ምላሱ አልታዘዘችም።

በክረምቱ ብርድ የጣቢያው ሠራተኞች መጥተው ከሐረጊቱ ቅርንጫፍ ጥቂት ቁራጭ ወሰዱ፤ ግማሹ ትብሊሲ ቀረ፣ ግማሹ ወደ ፖርቱጋል ተላከ። ከዚያ ወሬ ጠፋ። ቫርላምም ሰው እንደ መጣና እንደ ሄደ ቆጠረው።

በሚቀጥለው ሰኔ፣ የሐረጊቱ አበባ ሊፈነዳ ሲል፣ ማክቫላ በረዶ የተሞላ ሣጥን ይዛ ደረሰች። በዚህ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሴቬሪያን ነው። ቫርላም ከሰገነቱ ሆኖ አየ፤ አንድ ወረቀት አጥሩን አሻግራ ሰጠችው፤ ሴቬሪያን መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተነሣና በቫርላም በር ገባ። ውሻው እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፋውና ዝም አለ።

"ዴስፒኔ፣" አለ ሴቬሪያን፣ ቫርላምን ሳያይ፣ "ይህን ለባልሽ አንብቢለት።"

ዴስፒኔ አነበበች። በሶቪየት ዘመን አንድ ዘር ሰብሳቢ በዚህ መንደር አልፎ ኖሯል። ከፖርፊሌ ሐረግ ቆርጦ ወደ ሞልዶቫ ልኮ ነበር፣ ከሞልዶቫ ደግሞ በልውውጥ ፖርቱጋል ገባች። ግራሳ መዝገብ ለመዝገብ ስታመሳክር አገኘቻት፤ አርባኛው መደዳ ላይ፣ ቁጥር የተለጠፈባት፣ ሕያው። ከቁጥሩ ሥር የመንደሩ ስም፣ ከመንደሩ ሥር "ፖርፊሌ" ተብሎ ተጽፏል።

"አባቴ ከኩታይሲ አልፎ አያውቅም፤" አለ ሴቬሪያን። "ስሙ ግን ውቅያኖስ ዳር ተቀምጦ ይጠብቀኛል።"

ተከትላው የገባችው ማክቫላ ሣጥኑን ከፈተች። በትናንሽ ብልቃጥ ቢጫ ዱቄት አለ። "እዚያ ሙቀት ስለሆነ በግንቦት አበበች። ግራሳ ዱቄቱን ሰብስባ፣ አድርቃ፣ በበረዶ ላከችልን። ችግኞቿ ትብሊሲ ምርመራ ላይ ናቸው፣ ጤናቸው ሲረጋገጥ ይመጣሉ። ዱቄቱ ግን ዛሬና ነገ አበባው ላይ መነስነስ አለበት። ማን ይወጣል?"

ቫርላም ጉልበቱን አየ። ዴስፒኔ ቫርላምን አየች። ሴቬሪያን ኮቱን አወለቀ።

"ገመዱን ማን ይይዛል?" አለ።

"እኔ፤" አለ ቫርላም። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ለሴቬሪያን የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ሴቬሪያን ገመዱን ወገቡ ላይ እያሰረ ለአፍታ አየው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ነፍሱን ጨው ደፋህ ባለው ሰው እጅ ሊሰጥ ነው። ከዚያ ብልቃጡን በደረቱ ኪስ፣ የሠዓሊ ብሩሹን በጥርሱ ይዞ ወጣ። ቫርላም ገመዱን በትከሻው አዙሮ፣ ተረከዙን መሬት ተክሎ፣ እጁ እስኪላጥ ጨመደደው።

"በቀኝ! በቀኝ ነው ያልኩህ! ቀኝህን አታውቅም እንዴ?"

"አንተ ታች ሆነህ ጌታ ነህ!"

"ብሩሹን ቀስ፣ ግድግዳ እየቀባህ አይደለም! ሙሽራ ናት እኮ!"

"ዝም በል፣ ሙሽራ በጩኸት አትዳርም!"

ሴቬሪያን አንድ ዘለላ ጨርሶ ወደ ሌላው ተሻገረ። ከዚያ ቫርላም ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሴቬሪያን!"

"ምን?"

"ጨው አልደፋህም።"

"ምን አልክ? ነፋስ ነው!"

ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። "ጨው አልደፋህም አልኩ!"

"ከፍ አድርገው! ያኔ እኮ ባቱሚ ድረስ ተሰምተሃል!"

ቫርላም ደረቱን ነፍቶ ኮረብታው እስኪያስተጋባ ጮኸ፦ "ሴቬሪያን ጨው አልደፋም! አህያው እኔ ነኝ!" ከታች መንደር አንድ ሰው "ይህንንማ እናውቃለን!" ብሎ መለሰ። ማክቫላ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

ሴቬሪያን ብሩሹን ኪሱ ከተተ። "እኔም፣" አለ ሴቬሪያን ቀስ ብሎ፣ "ከመቁረጤ በፊት አጥሩን ተሻግሬ ልጠይቅህ ይገባ ነበር። ዝቅ አድርገኝ አሁን፣ የዛሬው ብልቃጥ አለቀ።" ቫርላም እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አወረደው። ዴስፒኔ የበቆሎ ቂጣና አይብ አቀረበች፤ ሁለቱ እየተነታረኩ በሉ። በማግሥቱም እንዲሁ ደገሙት።

ሐምሌ ላይ ፍሬው ታየ፤ አንገቱን ያጎነበሰ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ቫርላም በየጧቱ አንጋጦ እያየ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ የአንገት ሕመም ያዘው። በኅዳር ሴቬሪያን እየዘፈነ ለቀመ፣ ቫርላም ከታች በገመድ የወረደለትን ቅርጫት ተቀበለ፤ ሰባት ሙሉ ቅርጫት። ጨምቀው በመሬት የተቀበረው ጋን ውስጥ ጨመሩትና አፉን በጭቃ አተሙት።

መጋቢት ላይ ጋኑ ሲከፈት ግራሳ መጣች፤ ማክቫላም ጤናቸው የተረጋገጠ ሁለት ጥቁር ችግኞች በመኪናዋ ይዛ ነበር። ግራሳ የመጀመሪያውን ጽዋ ጠጥታ ጥቂት አሰበች። ሁሉም አፏን ያያል።

"ይኮመጥጣል፤" አለች በማክቫላ አስተርጓሚነት። "በጣም ይኮመጥጣል። ድገሙኝ።"

ሴቬሪያን ተነሥቶ ስለ አባቱ፣ አባቱን በመዝገብ ስላኖሩት ሰዎችና ስለማያያት አገር ጽዋውን ከፍ አድርጎ ረጅም ምርቃት ጀመረ። ገና ሳይጨርስ ቫርላም ስለ ችግኞቹ ጠየቀ፤ በማን ግቢ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር? ሴቬሪያን የአባቴ ናት፣ በእኔ ግቢ አለ። ቫርላም ዛፍ የሌለው ሰው ሐረግ ምን ላይ ይሰቅላል፣ ጢሙ ላይ? አለ። አንዱ ጠረጴዛ መታ፣ ሌላው ቆመ።

"ተጣሉ እንዴ?" ብላ ጠየቀች ግራሳ፣ ደንግጣ።

"የለም፣ አሁን ነው የታረቁት፤" አለች ዴስፒኔ። ሁለቱን ችግኞች ከመኪናው አንሥታ አካፋውን ለግራሳ ሰጠቻት። ወንዶቹ ክርክሩን ሳይጨርሱ ሁለቱ ሴቶች አንዱን ከአጥሩ ወዲህ፣ አንዱን ከአጥሩ ወዲያ ተክለው ውኃ እያጠጡ ነበር።