የደም ምርመራው መርዶ

ሄዋን ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ያለውን የወላጆቿን ቤት በር ስትከፍት ሳሎኑ በዘመድ ሞልቷል፤ የሚያወራ ግን የለም። ዘመድ ተሰብስቦ ዝም ካለ ደግሞ መርዶ ነው። እናቷን በዓይኗ ፈለገች። እናቷ አይናለም ኩሽና ቆማ ሻይ ትቀዳለች፤ እንግዶቹ ለምን እንደመጡ የነገራት የለም።

አባቷ ውቤ ወደ በረንዳ ሳባት።

"እናትሽ ለጉልበቷ ሕመም የሰጠችው ደም ውጤት መጣ። በስልኳ ቀድሜ አየሁት፣ ቀይ ምልክት አለበት። ኢንተርኔት ላይ ብፈልገው ሉፐስ ይላል፤ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ። በድንገት እንዳትሰማው ብዬ ዘመድ ጠራሁ።"

ሄዋን ስልኩን ተቀብላ አየች። ኤኤንኤ የሚባለው ምርመራ ነው፣ ያውም ከተለመደው ትንሽ ብቻ ያለፈ። እሷ ማዕባዳ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በየቀኑ የምትሠራው ይህንኑ ነው።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ጥርጣሬ እንጂ በሽታ አይደለም።"

"እንግዲያው ግቢና ንገሪያቸው።"

"መጀመሪያ ለእማዬ።"

እናቷን እጇን ይዛ አምጥታ በእንግዶቹ መሀል አስቀመጠቻት።

"እማዬ፣ የደምሽ ውጤት መጥቷል፤ አባዬም ሉፐስ ነው ብሎ ፈርቷል። ይሄ ምርመራ ሉፐስ ያለበትን ሰው እምብዛም አይስተውም። ችግሩ፣ ብዙ ጤነኛ ሰውም አብሮ ይይዛል። ስለዚህ ብቻውን አይፈርድም።"

አጎቷ ናፍታሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ታዲያ የለባትም በይና እንረፍ።"

ሄዋን እንዲያ ብትል በወደደች ነበር።

"እሱን አልልዎትም፣ አጎቴ። ለይተው የሚያሳዩ ሌሎች ምርመራዎች አሉ። ሐኪሟም መገጣጠሚያዋን፣ ቆዳዋን፣ ኩላሊቷን አይታ ነው የምትወስነው። እስካሁን ግን አለባት ያለ ሐኪም የለም።"

ሳሎኑ ተነፈሰ። ውቤ "የኔ ልጅ ናት" አለ፣ የማያውቅ ሰው ያለ ይመስል። አይናለም ግን ልጇን አየቻት። ፋብሪካ ቆማ ዕቃ ስታሽግ ጉልበቷን የጨረሰችው ለዚህች ልጅ ነበር፤ ኩራት ደረቷን ሞላው።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

"እኔ ሳልሰማ ዘመድ ሊያለቅስልኝ መጣ?"

"እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።"

"አሁን ነው የደነገጥኩት።"

እንግዶቹ አፍረው ሊነሱ ሲሉ "ተቀመጡ፣ ሻዩ ተቀድቷል" አለቻቸው። ስልኳንም ከልጇ ተቀበለች። ሄዋን ከእናቷ ሐኪም ቀጠሮ ልትይዝላት እጇን ዘረጋች። አይናለም ስልኩን አልሰጠቻትም። ሁሉም እያዩዋት ወደ ጤና መድኅኗ፣ ወደ ቁፓት ሆሊም ደወለችና፣ በራሷ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ስሟን ተናገረች።