ከታች የሚይዘው ሰው

«ከታች የምይዘው እኔ ነኝ አልኩ፤ አበቃ!»

«አላበቃም ወንድም ጋሼ። ከላይ ያዝ። ዛሬ ብቻ፤ ምን ቸገረህ?»

«ሃያ ዓመት ከታች የያዝኩ ሰውዬ ዛሬ ከላይ ሆኜ ላጅብህ?»

የጭነት መኪናው ሾፌር የሦስተኛው ፎቅ በር ላይ ቆሞ ገመድ ይጠቀልላል። «እናንተ ስትጨቃጨቁ ቁምሳጥኑ በራሱ እግር ይወርዳል» አለ። የሳቀለት የለም።

ወንድማማቾቹ ቤት ለሚቀይር ሰው ዕቃ በማጓጓዝ ነው የሚተዳደሩት። ታላቁን ባልደረቦቹ ክሬኑ ይሉታል። ከባድ ዕቃ ከፎቅ ሲወርድ ሸክሙ የሚያርፈው ከታች በያዘው ላይ ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠውም እሱ ነው። ከላይ ያለው አይናገርም፤ ከታች «አሳርፍ» እስኪባል ድረስም እጁን አይለቅም። ይህን ሕግ ያወጣው ክሬኑ ሲሆን ታናሹንም ጢም ሳያበቅል ጀምሮ ያሠለጠነው በዚሁ ነው።

ከአራት ወር በፊት ክሬኑ ፍሪጅ ይዞ ከመኪናው ሲወርድ እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ቀረና ወገቡ ብቻ ዞረ። ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ሲል ራሱ ሰማው። ሳይመሽ እግሩ አብጦ ሱሪው አልወልቅ አለ። ሲመረመር ጉልበቱን ከውስጥ ከሚያስሩት ጅማቶች አንዱ ተበጥሷል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልጁ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት ብትሆንም የምትቆጣው እንደ እናት ነበር።

«አባቴ፣ እብጠቱ ጎደለ ማለት ጅማቱ ገጠመ ማለት አይደለም። ቀጥ ብለው ሲሄዱ ጡንቻው ይሸፍንልዎታል። ሲዞሩ ግን ጉልበትዎን የሚይዘው ያ ጅማት ነበር፤ አሁን እሱ የለም። ወይ ቀዶ ጥገና ነው፣ ወይ ብዙ ወር የሚፈጅ ስፖርት። እስከዚያ ሸክም የሚባል ነገር የለም።»

«ስንት ወር?»

«ዘጠኝም ሊሆን ይችላል። እኔ ፈትሼ እስክፈቅድልዎት።»

ስፖርቱንስ አላስታጎለም። ጠዋትና ማታ ጭኑን ያጠነክራል፤ ሲያመው በረዶ ያደርግበታል። እብጠቱ ጠፍቶ እግሩ ሲበረታ ግን ባለሙያዋን መጠበቅ ተወና ራሱን በራሱ ፈተነ። ከግቢው ወደ ሰገነቱ የሚያወጣ ደረጃ አለው። አንድ ሳምንት ሙሉ ግማሽ ኩንታል አሸዋ ተሸክሞ ወጣ፣ ወረደ። ጉልበቱ ውልፍት አላለም። «ድኛለሁ» ብሎ ለታናሹ ነገረው። የቤቱ ደረጃ ቀጥ ያለ መሆኑ፣ አንድም መታጠፊያ እንደሌለው፣ ትዝ አላለውም።

«እሺ በቃ» አለ ዛሬ ታናሹ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ክርክሩ ሲሰለቸው። «አንተን ማን ይችላል።»

ክሬኑ ጎንበስ ብሎ ቁምሳጥኑን ከታች ያዘ። ያ የሚያውቀው ክብደት ደረቱ ላይ ሲያርፍ ደስ አለው። አራት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ቦታ እንዳጣ ዕቃ ከጥግ ወደ ጥግ ሲባል ነው የከረመው።

«አንድ… ሁለት… ና። ቀስ። ና።»

ወደ ኋላ እየረገጠ ወረደ። ታናሹ የወንድሙን ድምፅ እየሰማ ዝም ብሎ ተከተለው። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ክሬኑ እንደ ወትሮው ቀኝ እግሩን ተክሎ ዞረ።

ጉልበቱ ከዳው። የቀደመው ሕመሙ አልነበረም፤ ከጭኑ በታች እግር የሌለው መሰለው። እሱ ግድግዳው ሥር ወደቀ፣ ቁምሳጥኑ በሌላው በኩል ወደ ደረጃው ብረት ተንሸራተተ። ታናሹ ቢለቅ ዕቃው ተሰብሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን «አሳርፍ» ያለው ሰው የለም፤ አልለቀቀም። ግራ እጁ በቁምሳጥኑና በብረቱ መሀል ገባ።

ክሬኑ «ልቀቅ!» ብሎ ሲጮኽ ዘግይቶ ነበር።

ሐኪሞቹ ከተጨፈለቀው እጁ ሁለት ጣቶችን ማትረፍ አልቻሉም። በማግስቱ ታናሹ እጁ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጦለት ተኝቷል። ሚስቱ እግርጌው ቆማለች። ክሬኑ የታመመ እግሩን ዘርግቶ አልጋው አጠገብ ካለችው ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት ታናሹ ለሚስቱ። «እግሬ አዳለጠኝ። ወንድም ጋሼ ከታች ባይዝልኝ ኖሮ እኔም አብሬ ተከስክሼ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች ሚስትየዋ። ጎንበስ ብላ እጁን በሁለት እጆቿ ያዘችው። «ምን እከፍልሃለሁ!»

ክሬኑ እጁን ማስለቀቅም፣ መተውም አቃተው። «የለም፣ እኔ እኮ… ጉልበቴ…»

«ጉልበቱን እያመመው እንኳ አለቀቀም» ብሎ ታናሹ አቋረጠው። ወንድሙን ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ሾፌሩ ብርቱካን ይዞ ገባ። «እንኳን ተረፍክ! ከእንግዲህ ስትሳደብ የምትቀስርብኝ ጣት ቀንሷል፤ እኔም እፎይ ልበል።»

ታናሹ ሳቀ፤ ሲስቅ እጁን አመመውና ፊቱ ተኮማተረ። ሚስቱ «አታስቀው አንተ!» እያለች እያለቀሰች ሳቀች። ነርሷ የፋሻ ዕቃ ይዛ መጣች፤ ሁሉም የተጠቀለለውን እጅ ለማየት ወደ አልጋው ቀረቡ።

ክሬኑ በግድግዳው ተደግፎ ተነሣ። ነርሷ እንድታልፍ ጥግ ጥጉን ይዞ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ከክፍሉ ወጣ።

ሾፌሩ ወንበሯን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና ብርቱካኑን መላጥ ጀመረ።