የሳፋው ሾፌር

«ኧረ ይቺን ልጅ አንሱልኝ! በለቀስተኛ ፊት ምን የሚሉት ጉድ ነው?» አለች አክስት ፑሪንግ፣ የድስት ክዳኑን ከፔፓይ እጅ እየነጠቀች።

ፔፓይ ሁለት ዓመቷ ነው። ከአያቷ የሬሳ ሣጥን አጠገብ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ክዳኑን እንደ መኪና መሪ ታዞር ነበር። ሲነጥቋት አላለቀሰችም። ቀና ብላ ሣጥኑን አየችና ባላት ድምፅ ሁሉ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።

በረንዳው ላይ ካርታ የሚጫወቱት ሾፌሮች በሳቅ ፈነዱ። ወዲያው አንዱ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

«አይ ክሪሳንቶ!» አለ ጋሽ ኔስቶር፣ ከሟቹ ጋር ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መስመር ጂፕኒ የሚሉትን የሕዝብ ታክሲ ሲነዳ የኖረው። «ልጅ ማጫወት እንደሱ የሚያውቅ አላየሁም። እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል?»

የሟቹ ልጅ፣ የፔፓይ እናት ዳሊሳይ፣ ብስኩት የምታዞርበትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«የማን አባት?» አለች።

አክስቷ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ሰውየው ገና ሳይቀበር?»

«ምን አልኩ? ጠየቅኩ እንጂ።»

«አንድ ዘለላ እንባ አላየሁብሽም። ሰው እኮ እየተንሾካሾከ ነው!»

«ይንሾካሾክ። ሲፈልግ ይጩህ።»

ከውጭ ዝናቡ የወደብ ከተማቸውን የናቮታስን ጠባብ መንገዶች ሞልቷል። ሁሉም ነገር የጀመረውም እንዲህ ባለው ዝናብ ነበር። ዳሊሳይ ዓሣ ፋብሪካ ገብታ ልጇን የሚጠብቅላት ሰው ስታጣ፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ከመሪ የወረደው አባቷ «እኔ ጋ ተያት» አላት። ምርጫ ስላልነበራት ተወቻት። ቀኑን ሙሉ ሰርዲን ስትቆርጥ ሐሳቧ እቤት ዋለ፤ የዚያን ሰው እጅ ታውቀዋለችና።

ማታ ስትመለስ የጠበቃት ነገር ግን ሌላ ነው። አባቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የወንፊቱን ቀዳዳዎች በጨርቅ ቁርጥራጭ ወትፏል፤ ልጅቱ አንድ በአንድ እየመዘዘች ትንከተከታለች። በማግስቱ ማንኪያ ሩዝ ውስጥ ቀብሮ አስፈለጋት። በሌላ ቀን የልብስ መቆንጠጫ በቆርቆሮ አፍ ዙሪያ እያሰካት «አዞ ነው፣ እንዳይነክስሽ!» ይላታል። በመጨረሻ ሳፋው መጣ። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈና በአሮጌ አንሶላ አስሮ፣ በዚያ በማይረባ እግሩ ከጓዳ እስከ በር ይጎትታት ጀመር።

ዳሊሳይ በር ላይ ቆማ ስታይ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የመጣባት ግን ንዴት ነው። እሷም በፔፓይ ዕድሜ ባይሆንም፣ ገና ልጅ ሳለች፣ በዚህችው ጓዳ የእናቷን ድስቶች ደርድራ ገበያ ስትጫወት አባቷ ከሥራ ገባ። ድስቱን በእግሩ ጠለዘው። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ። ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

«እኔንስ ለምን?» አለችው አንድ ቀን፣ ሳፋውን ሲያጥብ።

«ያኔ ይደክመኝ ነበር» አለ።

ይደክመኝ ነበር! እሷስ አይደክማትም?

ባለፈው ወር ከሥራ ተሰባብራ ስትገባ፣ ፔፓይ የእራቱን ሩዝ ወለሉ ላይ ዘርግፋ ጠበቀቻት። ዳሊሳይ እጇን አነሳች። አባቷ እየተንፏቀቀ መጥቶ መሀላቸው ገባ።

«እኔን ምቺኝ» አላት።

«አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ? አንተ?»

ጎንበስ ብሎ ሩዙን ይለቅም ጀመር። ከዚያ ወዲህ «ብላ» እና «ተኛ» ካልሆነ በቀር አላናገረችውም። የሞተ ዕለት ጎረቤቶች ሲገቡ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሳፋውን የሚጎትትበትን አንሶላ እንደጨበጠ አገኙት። ፔፓይ ሳፋው ውስጥ ሆና «ንዳ! ንዳ!» ትለው ነበር።

«መታሽም አልመታሽም አባትሽ ነው» አለች አክስት ፑሪንግ አሁን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሲሞት ነዋ ሁሉም ደግ የሚሆነው! ለእኔ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳፋ ጎትቶልኛል?»

ይህን የሰማው በረንዳው ሁሉ ነው። ጋሽ ኔስቶር ካርታውን ጥሎ ጓዳው በር ድረስ መጣ።

«እውነቷን ነው፣ ፑሪንግ» አለ። «ጩኸቷ እኛ ቤት ድረስ ይሰማን ነበር።»

«ሰምታችሁስ ምን አደረጋችሁ?» አለችው ዳሊሳይ።

መልሱን አልጠበቀችም። ክዳኑን ከአክስቷ እጅ መንጭቃ ወጣች፣ ለፔፓይ ሰጠቻት፣ አንሶላውን በሁለት እጇ ጠቀለለችና «ያዢ!» አለቻት። በለቀስተኛው ፊት በሣጥኑ ዙሪያ ጎተተቻት፤ ወንበር እያነሳች፣ የሰው እግር እየገፋች፣ ጥርሷን ነክሳ። አሮጊቶቹ አማተቡ። ልጅቱ በሳቅ ፍርስ አለች። ዳሊሳይ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ጎተተች።

በቀብሩ ዕለት ጠዋት ዝናቡ አባራ። እንደ አገሩ ልማድ፣ ሟቹ እንዳይመላለስባት ፔፓይን በሣጥኑ ላይ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፏት። ከዚያ የሣጥኑ የመስተዋት ክዳን ተከፈተ። በሟቹ ጣቶች መካከል ያለውን መቁጠሪያ በመቀስ የሚቆርጠው የበኩር ልጅ ነው፤ ሞት ሌላ ሰው እንዳያስከትል። የበኩር ልጁ ዳሊሳይ ናት።

«እንቢ የምትይ ከሆነ እኔ…» አለች አክስት ፑሪንግ።

«አምጪው።»

ክሩን በአንድ ጊዜ ቆረጠችው። መቀሱን ስትመልስ ዓይኗ በአባቷ ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ላይ አረፈ። ቁልፉ ተከፍቷል።

«እይ እስቲ» አለች በንዴት፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «አንድ ነገር በወጉ አያደርግም እኮ!»

ጎንበስ ብላ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች። ትንሽ ቁልፍ ነበርና ጊዜ ፈጀባት። ከተቆለፈም በኋላ እጅጌውን አልለቀቀችውም።