የተፋቀው ፊት

የደብረ ታቦር ሰው ሸሪፍን «ጉናን ያነሳ ጎበዝ» እያለ ይቀልድበት ነበር። ቀልዱም ያለ ነገር አልመጣም። ሸሪፍ ጎንደር ከአንድ አርመን ዘንድ ፎቶ ማንሳት ተምሮ፣ ገበያው ዳር ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ነው። እንጀራው የሰው ፊት ነው፤ ልቡ ግን ተራራ ላይ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ወዲህ ለይለፍ ወረቀት የሚሆን የአገሬውን ፊት ሲያነሳ ይውላል፤ በዚህ ፈንታ የከተማዋ አዛዥ የሆነው ካፒቴን የፎቶ ወረቀትና የማጠቢያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ከዚያ ላይ እየቆጠበ፣ ሥራ በፈታ ቀን ካሜራውን በበቅሎ ጭኖ ይወጣል። የጉናን ጭጋግ፣ የገሳይን የገብስ ማሳ፣ የአንበሳሜን ገበያተኛ፣ አውድማ ላይ የሚዞረውን በሬ ያነሳል። ማን ገዛው? ማንም። ደግሞ ይወጣል።

ሰውስ ምን ይበል! አገር እየነደደ ገደል ፎቶ የሚያነሳ ሰው ጤነኛ ነው ቢባል ማን ያምናል። ያልሳቀበት አንድ ማሩ ነው። ማሩ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር አራሽ፣ ለእናቱ ለእቴነሽ አንድ ልጅ ነው። እርሻ ባልያዘው ቀን የሸሪፍን በቅሎ እየሳበ ዳገቱን አብሮት ይወጣል፤ ፎቶውን ሲያሳየውም አገላብጦ አይቶ «እንዲህ ያምራል እንዴ አገራችን» ይላል። ሸሪፍ በዕድሜው የሰማው ምስጋና ይኼው ነበር። መንገድ ለመንገድም «ማሩ ያዝ፣ ማሩ አቁም፣ ማሩ ዞር በል» ሲል ይውላል።

በጥቅምት የደምሴ ልቅሶ ወጣ። ደምሴ ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ዱር የገባ አርበኛ ነው። ሚስቱን ጥሩወርቅን «ባልሽን አምጪ» እያሉ ሁለቴ ገርፈዋታል፤ በሦስተኛው ቤቷን ከነሰዉ እናቃጥላለን ብለው ዝተዋል። ታዲያ በገሳይ በኩል ውጊያ ተደርጎ ብዙ ሰው ሲያልቅ፣ «ደምሴም እዚያው ወደቀ፣ ሬሳውም አልተገኘ» ተባለ። ጥሩወርቅ ጠጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች። ሬሳ ሲጠፋ በሟች ልብስና በፈረሱ ይለቀሳልና፣ ካባውን ፈረሱ ላይ ጭነው ሜዳ አወጡት፤ አገሩም ተሰበሰበ። ሸሪፍ ማሩን አስከትሎ ሄደ። የልቅሶ ፎቶ አልነበረውማ።

ያን ቀን ያነሳውን የመሰለ ከዚያ በፊት አንስቶ አያውቅም። ዝናብ አባርቶ ጉና ከነግርማው ከኋላ ተገልጧል፤ ከሥሩ ልቅሶተኛው ክብ ሠርቶ ደረቱን ይመታል፤ ፈረሱ መሀል ላይ ቆሟል። ማሩ በቅሎዋን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቶ ከፊት ተገትሮበት ነበር። ዞር በል ቢለው፣ ማሩ እያለቀሰ ስለሆነ አልሰማውም። ብርሃኑ ሳያመልጠኝ ብሎ እንዲሁ አነሳው።

ሱቁ ጓዳ ውስጥ ምስሉ የተቀረጸበትን መስታወት አጥቦ፣ በወረቀት አትሞ ሲያየው በመጀመሪያ በደስታ ዘለለ። ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከልቅሶተኛው ኋላ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቆሟል፤ ጋቢው ከአፍንጫው በታች ወርዶ ፊቱ ወለል ብሎ ይታያል። ደምሴ ነው። ሟቹ!

ሞቶ የሚባልለትን መስማት የማይወድ ሰው ማን አለ! ልቅሶው ቤቱን ከእሳት ለማዳን የተሸረበ ውሸት ነው፤ እሱ ደግሞ የገዛ ሙሾውን ሊሰማ ከዱር ወርዶ ኖሯል። አልቃሿ «ከጉና ሲፎክር ገሳይ የሚሰማ፣ ዛሬ ማን ቀበረው ያንን ሁሉ ግርማ» ብላ ስታወርድ፣ ሰውየው አላስችል ብሎት አንገቱን አሰገገ። የሸሪፍ ካሜራም በዚያችው ቅጽበት ለቀመችው።

የሸሪፍ ሚስት ጀሚላ አየችና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«መስታወቱንም ወረቀቱንም ሰባብረህ አቃጥል። ይሄ የሰው ነፍስ ነው።»

እውነቷን ነው። ጣሊያን ይቺን ካየ የደምሴ መኖር ይታወቃል፤ ጥሩወርቅም ከነዘመዶቿ አለቀላት። ግን ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ሸሪፍ መስታወቱን አንስቶ ሊፈጠፍጠው አለና እጁ እምቢ አለው። በመጨረሻ መርፌ አመጣ። የደምሴን ፊት ከመስታወቱ ላይ ጫር ጫር አድርጎ ፋቀው። እንደገና ሲያትመው የፊቱ ቦታ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆነ። የፊተኛውን ወረቀት አቃጠለ። «ዝንብ ያረፈባት ትመስላለች፤ ማን ልብ ይላታል» ብሎ ራሱን አታለለ።

ካፒቴኑም እንደ ሸሪፍ ተራራ ወዳድ ነበር፤ የራሱ ካሜራ አለው፣ ያነሳውንም ወደ አገሩ ይልካል። አንድ ቀን ከአስተርጓሚው ጋር ሱቁ መጣና የሸሪፍን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየ። ጥሩ ነው አለ። እንዲያው ጥሩ ነው፣ ከዚያ ያለፈ አልወጣውም። ሌላ እንደሌለው ጠየቀ። የለኝም ማለት ይቻል ነበር። ማንም ሰይፍ አልመዘዘበትም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሸሪፍ ግን «የኔንስ ትልቁን አላየህ» የሚል ትዕቢት ያዘውና የልቅሶውን ፎቶ አውጥቶ ዘረጋለት።

ካፒቴኑ ብዙ አየው። ቀጥሎ ይህን ሮማ ወስዶ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት እንደማያሳፍር በአስተርጓሚው አስነገረው። የሸሪፍ ልብ ተነፋ። ፈረንጁ ማጉያ መስታወት ከኪሱ አውጥቶ ልቅሶተኛውን አንድ በአንድ ቃኘ። አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

የዚህ ሰው ፊት የት ሄደ ሲል ጠየቀ። ሸሪፍ አቧራ ነው አለ። ወይ አለመታደል! ሰውየው ራሱ ፎቶ አንሺ ነው፤ አቧራና መርፌ አይጠፉትም። ካፒቴኑ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የአንዱን ፊት የፋቅኸው ሽፍታ ብትደብቅ ነው፤ ስሙን ትናገራለህ፣ ካልተናገርክ አንተም ሚስትህም ትሰቀላላችሁ አለው።

ደምሴ ነው ቢል ያ ሁሉ ቤተሰብ ያልቃል፤ የደምሴ ጓዶችም እሱን በሕይወት አያኖሩትም። የሌለ ስም ቢፈጥር ፈልገው ያጡታል። ፊቱ ከፎቶው ላይ የሌለ፣ ግን ልቅሶው ላይ የነበረ ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ አስቦ ነው እንዳልል፣ ጊዜም አልነበረው። አፉ የለመደው ስም ወጣ።

«ማሩ» አለ።

ፊቴ እንዳይታይ ብሎ ለምኖኝ ነው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ሲልም ጨመረበት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሸሪፍ ግን ያን ዕለት «ማሩ ምንም አላደረገ፤ ገርፈው ይለቁታል» እያለ ራሱን ሲያጽናና ዋለ።

ማሩን ከአጨዳ ላይ ያዙት። ምንም አላውቅም አለ፤ እውነቱን ነው፣ ምንም አያውቅም። እነሱ ግን አላውቅም ባለ ቁጥር እልኸኛ ነው እያሉ ገረፉት። ሲብስበት «ሸሪፍን ጠይቁት፣ እሱ ያውቀኛል» አለ። ሸሪፍን አመጡት። ማሩ ሲያየው በተሰነጠቀ ከንፈሩ ፈገግ አለለት፤ መዳኛው መጣለታ! ፎቶው ላይ ያለው ይሄ ነው ወይ ተብሎ ሸሪፍ ተጠየቀ።

ሸሪፍ መሬት መሬት እያየ «እሱ ነው» አለ።

በገበያ ቀን ሰቀሉት። ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያ ይሆናልና ፎቶ ይነሳ ብሎ አዘዘ። ማን ያንሳ? ያው ሸሪፍ ነዋ። ካሜራውን ተከለ። ከዚያ፣ ማፈሪያ ነውና ልናገረው፣ ካሜራውን ነቅሎ ወደ ጎን ወሰደ፤ ደግሞም ነቅሎ ወደ ኋላ መለሰ። ጉና ከተሰቀለው ሰው ኋላ እንዲገባለት ነው። ገበያተኛው አየው።

ሬሳውን ለእናቱ አልሰጡም፤ የት እንደጣሉት እንኳ አልተነገረም። እቴነሽ በጥሩወርቅ ክንድ ተደግፋ ሸሪፍ ሱቅ መጣች። ጥሩወርቅ ጎረቤቷ ናት፤ አዲስ ሐዘንተኛን ያለቀሰ ያውቅበታል ተብሎ አብራት ተልካለች። እቴነሽ አላለቀሰችም። ልጄን ያሰቀለው፣ ፊቱ የተፋቀበት ፎቶ አንተ ዘንድ አለ አሉ፤ ሬሳ የለኝ፣ ልብሱም አብሮት ቀረ፣ ልቅሶው ላይ የማወጣው ነገር ስጠኝ አለችው።

ካፒቴኑ የወሰደው ሌላ ቅጂ ነው፤ ሸሪፍ መደብ ላይ አስቀመጣትና ለራሱ ያተመውን አውጥቶ ጭኗ ላይ ዘረጋላት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ጣቷ አልተንከራተተም። በቅሎ ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው ላይ ሄዶ አረፈ።

«ይኸው ልጄ» አለች።

ሸሪፍ መዘዙ ታየው። ማሩ ይሄ ከሆነ የተፋቀው ማነው? ይቺ ሴት ይህን ፎቶ ልቅሶ ላይ አውጥታ ይኸውላችሁ ልጄ ብላ ብታሳይ፣ ወሬው ከካፒቴኑ ጆሮ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ከራስ በላይ ነፋስ አይደል! ጎንበስ አለና የእቴነሽን ጣት ያዘ። ከልጇ ጀርባ ላይ አንስቶ፣ ጋቢ የተከናነበው ሰውዬ ላይ፣ ጥቁሯ ነጥብ ላይ አኖረው።

«የለም እናቴ፣ ይሄኛው ነው።»

እቴነሽ ግራ ገባት። ጀርባውን የሰጠውን ደግማ አየችው፤ ወዲህም አየች። በመጨረሻ ዓይኗን ወቀሰች፤ እርጅና ነው አለች። ጋቢውን በጣቷ እየዳሰሰች «አዎ፣ ትከሻው የሱ ነው» አለች። ያን ጋቢ የፈተለችው ጥሩወርቅ ከኋላዋ ቆማ ታያለች። ባሏን በጋቢውም በአቋሙም አውቃዋለች፤ የማሩ ጣጣ ከየት እንደመጣም ያን ጊዜ ገባት። ሸሪፍ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። አልተናገረችም።

«ፊቱን ለምን ፋቅኸው፣ ልጄ?» አለች እቴነሽ።

«እንዳይዙት ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ከመደቡ ወርዳ ጉልበቱን ሳመች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ሰው ሁሉ ልጄን ሲሸሸው አንተ ልታድነው ደከምክ፣ እግዜር ይቁጠርልህ፣ እንዳንተ ያለ ወዳጅ ነበረው እንዴ እያለች መረቀችው። ሸሪፍ እጇን ይዞ ሊያነሳት ሞከረ፤ ጉልበቱን አልለቅ አለችው። ወደ ጥሩወርቅም ዞራ አንቺስ ምን ተገትረሽ ታያለሽ፣ አመስግኚው እንጂ ስትል ተቆጣቻት።

ጥሩወርቅ ቀረብ አለች። ቤቷ እንደቆመ ነው፤ ባሏም እዚያ ዱር በሕይወት አለ። ዝቅ ብላ የሸሪፍን ጉልበት ሳመች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ከልቧ ነበር።