ሦስት ጣት ኅዳግ

«እዚያ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ጌይል ክንዷን እስከ ክርኗ የዱቄት ጣሳው ውስጥ እንደከተተች ደርቃ ቀረች። ሮዝሊን የወጥ ቤቱን በር ዘግታ ተደግፋዋለች። ከበሩ ማዶ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ጎረቤቷ ሚስስ ሃስኬል ለለቅሶ የመጡትን ሰዎች ኬክ ብሉ እያለች ታስቸግራለች።

«ስኳር» አለች ጌይል። «ለሻዩ።»

«ስኳሩ አፍንጫሽ ሥር ነው።»

እውነትም እዚያው ነበር።

የሮዝሊን እናት ሜቪስ ፕሩት ከሞተች አሥረኛ ቀኗ ነው፤ ቀብሯ ነገ ጠዋት። ጌይል አሥሩንም ቀን በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥራዋን እንደጨረሰች እየመጣች ኩባያ ታጥባለች፣ ጎረቤት ያመጣውን ፓይ ትቀበላለች፣ ሰው ዞር ባለ ቁጥር መሳቢያ ትከፍታለች። ለሮዝሊን የነገረቻት ከእናቷ ጋር በሹራብ ሥራ ማኅበር እንደሚተዋወቁ ነው።

«እናቴ ኪሮሽ ይዛ አይቻት አላውቅም» አለች ሮዝሊን። «ይቺን ውሸት የፈጠርሽው አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?»

«እሷ።»

«ገምቻለሁ። ውሸት ላይ ሰነፍ ነበረች።» ከመደርደሪያው አናት በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ዱቄት ቦነነ። «ማክሰኞ ስኮን ልጋግር ብዬ ዱቄቱ ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

ጌይል የመጽሐፉን ጥቁር ጀርባ ከጨርቁ እጥፋት መካከል አየችው።

ባለፈው ጥር ይህንኑ ቤት አንኳኩታ ዊካ የሚባለውን፣ ጨረቃንና ተፈጥሮን የሚያከብረውን የጥንቆላ እምነት መማር እንደምትፈልግ ስትናገር፣ ሜቪስ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና መጥረጊያ ሰጠቻት።

«ልበርበት ነው?» አለች ጌይል ለመቀለድ።

«ለጊዜው ወለሉን ጥረጊበት።»

ጌይል የጠበቀችው ሻማ፣ ካባ፣ ጥቁር እጀታ ያለው ቢላ ነበር። የተሰጣት ሥራ ግን በየቀኑ አንድ መስኮት ላይ ቆሞ ጨረቃን ማየትና ያየችውን መጻፍ ሆነ። ደመና ከሆነ «ደመና» ብላ ትጽፋለች። የካቲት እንዳለ ደመና ነበር። ጀማሪ በምስጢር የሚሰበሰበው የዊካ ማኅበር ውስጥ የሚገባው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተምሮ ነው፤ እስከዚያ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ከአስተማሪው መጽሐፍ አንድ ገጽ በእጁ እየጻፈ ይቀዳል። ጌይል ብዕሯን ከማንሳቷ በፊት ሜቪስ ደብተሩ ላይ ሦስት ጣቷን አጋድማ ነበር።

«ከዳር ይህን ያህል ተዪልኝ። አስምሪበት። እኔ የምናገርበት ነው።»

ከዚያ ደግሞ፣ ሻይ ስጪኝ እንደማለት ቀለል አድርጋ፣ «ስሞት የእኔ መጽሐፍ ይቃጠላል። ከመቀበሬ በፊት። የምታቃጥዪው አንቺ ነሽ፤ ሌሎቹ አባላት እዚህ ቤት ከታዩ ይነቃባቸዋል» አለቻት። ጌይል ቃል ገባች። ቃሏን ስትሰጥ የሩቅ ነገር መስሏት ነበር።

«አነበብሽው?» አለች አሁን።

«ሁለቴ። ከፊት ስሞት ይቃጠል ይላል። ከኋላ የስድስት ሰዎች ስም አለ፤ አንዱ የልጄ አስተማሪ ነው።» ሮዝሊን በምሬት ሳቀች። «የሹራብ ማኅበር። ጠንቋይ ሁላ። ቄሱ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል፤ ባሳየውስ?»

«አስተማሪው ሥራውን ያጣል። ማንንም አልጎዳም።»

«እና ዝም ብዬ ልስጥሽ? ሠላሳ ዓመት የልደት ካርድ ስትልክልኝ ከስሟ በቀር አንዲት ቃል አልጻፈችበትም። እዚህ ላይ ሁለት መቶ ገጽ ጽፋለች። ስለ ጨው። ስለ ጨረቃ። ስሜን ፈለግኩ፤ የለም።» መጽሐፉን በመዳፏ ተጫነችው። «ቢሆንም የእጇ ጽሑፍ ነው። ሌላ የለኝም።»

በሩ ተገፋ። ሚስስ ሃስኬል አንገቷን አሰገገች።

«ሮዝሊን የኔ ቆንጆ፣ አራተኛው የዶሮ ፓይ መጣ። ሜቪስ ብትኖር ጫካው ውስጥ ለሚግጡት ፈረሶች ነበር የምትሰጠው።» ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ጌይል የሮዝሊንን አፍ ብቻ ታያለች።

«የምግብ አሠራር» አለች ሮዝሊን። «የእማዬ።»

በሩ ሲዘጋ ጌይል ከቦርሳዋ ደብተሯን አወጣች። የተጻፈው ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው። በየኅዳጉ ሜቪስ በአረንጓዴ ቀለም ተናግራበታለች። አትቸኩዪ፣ ልጄ። እዚህ ላይ ፈርተሻል፤ ፊደልሽ ይንቀጠቀጣል። ትናንት መስኮቱ ላይ ቆመሽ አየሁሽ፤ ደስ አለኝ።

ሮዝሊን ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልጄ ትልሽ ነበር?»

«ስትጽፍ ብቻ። በአፏ ብላኝ አታውቅም።»

«ለእኔ በሁለቱም አልሆነላትም።»

ጌይል መቀሱን ከመሳቢያ አወጣች፤ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ አሁን ታውቃለች። የመጀመሪያውን ኅዳግ በተሰመረው መስመር ላይ ቆርጣ በሮዝሊን እጅ ላይ አኖረችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ሮዝሊን አልከለከለቻትም፤ አላመሰገነቻትምም። የመጨረሻው ላይ ጌይል ቆመች። ሜቪስ ልትሞት አንድ ሳምንት ሲቀራት የጻፈችው ነው፤ ካፖርትሽን ልበሺ፣ ልጄ፣ ይላል። ጌይል ቆረጠችው፣ በጡጫዋ ጨበጠችው፣ ከዚያ እሱንም ሰጠች።

ሮዝሊን ተነሥታ የምድጃውን ብረት በር ከፈተች። መጽሐፉን ራሷ አስገባችው። ሽፋኑ እስኪጨማደድ ሁለቱም ከፊቱ አልተነቃነቁም፤ ሳሎን ውስጥ ሚስስ ሃስኬል ፓዩን እየቆረጠች ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጌይል ወደ ቀብሩ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ጠባብ ጠባብ ገጾች የቀሩበትን ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ከእንግዲህ የምትቀዳው መጽሐፍ የለም። አሥረኛውን፣ ያልተነካውን ገጽ አገኘች። ከዳሩ ሦስት ጣቷን አጋደመች፤ አውቶቡሱ እስኪቆም ጠብቃ መስመሩን አሰመረች።