ከከረጢት የተሰፋው ቀሚስ

ያቺ አንድ ክፍል ቤታችን ትናፍቀኛለች ስል እማዬ ታየኝና ራሷን ትነቀንቃለች። ከአክስትሽ ጋር ሦስታችን ባንድ ፍራሽ፣ ሲዘንብ ደሞ ፍራሹን ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየጎተትን... ምኑ ይናፍቃል ትላለች። እኔ እንጃ። ይናፍቃላ።

ጦርነቱ ከቤታችን ሲያስወጣን ስድስት ዓመቴ ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔን ለማዘል ስትል የስፌት ማሽኗን ጥላው ወጣች። አክስቴ እስከ ዛሬ «ማሽኑን ብታዝዪ ይሻልሽ ነበር» ትላታለች፣ በተለይ እኔ ሳጠፋ።

ተሰደን በገባንባት በዚያች አንድ ክፍል በየወሩ የእርዳታ ዱቄት እንቀበል ነበር። እማዬ ግን ከዱቄቱ እኩል ከረጢቱን ነበር የምትጠብቀው፤ ጥሩ ወፍራም ነጭ ጨርቅ ነው። ቀቅላ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ በእጇ እየሰፋች መጋረጃ ሠራች፣ የትራስ ልብስ ሠራች፣ ለኔም ኪሱ ላይ አበባ የተጠለፈበት ቀሚስ። ከረጢቱ ላይ በትልቁ «አይሸጥም» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ቢቀቀል ቢታሽ አልለቅ ሲላት ወደ ውስጥ ገለበጠችው፤ እሱም ልክ መቀመጫዬ ላይ አረፈ። አክስቴ «ብትሸጥስ ማን ይገዛታል» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ቀን የእርዳታ ድርጅቱ የስፌት ማሽን ሊሰጥ ነው ተባለ፤ ለሰፈሩ በሙሉ አንድ። የድርጅቱ መዝጋቢ ቤት ለቤት ዞራ በጣም የተቸገረውን ትመርጣለች። ጎረቤቶቻችን ያላቸውን ሁሉ ደበቁ፤ አንዷማ ደህናውን ወንበር ጣሪያ ላይ ሰቀለችው። እማዬ ግን እንግዳ ይመጣል ብላ ወለሉን አጠበች፣ መጋረጃዋን ሰቀለች፣ ፀጉሬን ሠራችኝ። አክስቴ ትንሽ እንኳ አዝረክርኪው ብላ ለመነቻት።

እማዬም «ቸገረን እንጂ ዝርክርኮች አይደለንም» አለቻት።

መዝጋቢዋ ገብታ መጋረጃውን አየች፣ ትራሱን አየች፣ እኔን አየች። «እናንተስ ተመስገን ነው» ብላ ወረቀቷ ላይ ሰረዘችን። እማዬ ሻይ እንኳ ስላላቀረብኩልዎ ይቅርታ ብላ ልትሸኛት ተነሣች፤ እጇ ግን መጋረጃውን ጨምድዶ ይዞ ነበር።

እኔ ደሞ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። ሰው ካገኘሁ ሳላነብለት አልለቅም። ሴትየዋ በር ላይ ስትደርስ ፊቷ ተገተርኩና የቀሚሴን የኋላ ጫፍ ወደ ፊት ስቤ ገልብጬ «አ... ይ... ሸ... ጥም» አልኳት።

እማዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መዝጋቢዋ ግን ቁጢጥ ብላ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«በምን ማሽን ሰፋሽው?»

«ማሽን ከየት አመጣለሁ፣ እህቴ። በመርፌ ነው።»

«መጋረጃውስ?»

«እሱም ከረጢት ነው።»

ሴትየዋ ተመልሳ ገብታ ፍራሻችን ላይ ቁጭ አለች። የእማዬን እጅ አገላብጣ መርፌ የበሳሳውን ጣቷን ስታይ ቆየችና፣ ወረቀቷን አውጥታ ከሰረዘችው ስማችን በላይ እንደገና ጻፈችን።

ማሽኑ በሳምንቱ መጣ። ዛሬም እማዬ ሱቅ ውስጥ መስኮቱ ሥር አለ፤ ሌሎች ሁለት አዳዲስ ቢኖሯትም ለኔ የምትሰፋው በሱ ብቻ ነው። ባለፈው ትምህርት ስጨርስ በሱ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋችልኝ። እንዴት እንደሚያምር!

ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ገለበጥኩት። ምንም አልተጻፈበትም። ከፋኝ።